“ባለቤቴ ከሠራዊቱ ሊወጣ ነው፤ የልጃችን የኮሌጅ ክፍያስ?”

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

“ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስታፍ ሰርጀንት ነው። 9 ዓመት ከ4 ወር አገልግሏል። ኮንትራቱ ከ8 ወር በኋላ በሰኔ ያልቃል። ሰልችቶታል፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ወጥቶ የራሱን የጭነት መኪና መንዳት ይፈልጋል። ከእኔ በፊት የወለዳት ልጁ ከደሴ ከመጣች ዓመት ሆኗታል፤ 17 ዓመቷ ነው፣ 12ኛ ክፍል ናት። የእኛ ልጅ ደግሞ 9 ዓመቱ ነው። ቤተክርስቲያን ‘የወታደር ልጅ ኮሌጅ በነጻ ነው፣ ስትጨርስ ማመልከት ብቻ ነው’ ይሉናል። አንድ ሰው 450 ዶላር ብንከፍለው ለወታደር ልጆች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ፈልጎ እንደሚሞላልን ነገረን። እኔ ደግሞ ገንዘቡን ከተቀበለች እሷም ወታደር እንድትሆን ትገደዳለች ብዬ ፈራሁ። ምን ይሻለናል?”

450 ዶላሩን አትክፈሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ስኮላርሺፖች ማመልከቻ በሙሉ በነጻ ነው። የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ ፋፍሳም በነጻ ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው መስሪያ ቤት፣ ቪኤ፣ ፎርሞቹን በነጻ ነው የሚቀበለው። እኔን ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ፎርም እሞላለሁ ካለ የልጅቷንም የአባቷንም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጠየቁ አይቀርም። ያንን ቁጥር በደንብ ለማታውቁት ሰው መስጠት የቤት ቁልፍ አውጥቶ እንደመስጠት ነው።

ልጅቷ ወታደር እንድትሆን አትገደድም። የአባቷን ጥቅም ብትወስድም፣ ለወታደር ልጆች የተዘጋጀ ስኮላርሺፕ ብታገኝም ከእሷ የሚጠበቀው መማር ብቻ ነው። ሮትሲ ከሚባለው ጋር ተምታቶብሽ ይመስለኛል። እሱ ተማሪው ራሱ ሲመረቅ መኮንን ሆኖ ሊያገለግል ፈርሞ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። አባቱ ወታደር ሆነ ነጋዴ፣ ለሮትሲ ለውጥ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። “የወታደር ልጅ ኮሌጅ በነጻ ነው” የሚለው ወሬ ብዙ ቤተሰብ ጎድቷል። አባት በአገልግሎት ላይ ካልሞተ ወይም በአገልግሎቱ ምክንያት ሙሉ በሙሉና በቋሚነት አካል ጉዳተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ የወታደር ልጅ በመሆኗ ብቻ ለልጅ በቀጥታ የሚመጣ የኮሌጅ ክፍያ ከቪኤ የለም። ያለው የአባትየው የራሱ ጥቅም ነው። ፖስት 9/11 ጂአይ ቢል ይባላል። ከፈለገ ራሱ ይማርበታል፣ ከፈለገ ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ያስተላልፈዋል። ማስተላለፍ የሚችለው ግን ገና በአገልግሎት ላይ እያለ ብቻ ነው። ከወጣ በኋላ ቢለምንም አይሆንለትም። “ስትጨርስ ማመልከት ብቻ ነው” ያሏችሁ ሰዎች በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እነሱ ባሉት መንገድ ብትሄዱ፣ ልጅቷ በሰኔ 12ኛን ስትጨርስ አባቷም በሰኔ ይወጣል፣ በሩም እዚያው ላይ ይዘጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ሰነዶቹን በሰማያዊ ፕላስቲክ ፎልደር ይዞ መጣ። 11 ዓመት አገልግሎ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነበር። የመሰናበቻ ወረቀቱን፣ ዲዲ 214ን፣ ከሁሉም በላይ አድርጎ አስቀምጦታል። ከሥሩ የሁለት ሴቶች ልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት ነበር። “ለሁለቱ እኩል እኩል አካፍልልኝ” አለኝ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመሰናበቻ ቀን በጣቴ አሳየሁት። ይህ ሰው በ7ኛው ዓመቱ ላይ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ የሚፈለግበት 4 ዓመት ራሱ ባገለገለው ጊዜ ውስጥ አልቆ ነበር። ምንም ተጨማሪ ነገር አይጠየቅም ነበር። ፎልደሩን መልሶ ሲዘጋ የነበረው ፊቱ እስከዛሬ አይጠፋኝም። ለአንቺ ይህን ያህል ረጅም መልስ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው፤ እናንተ ገና 8 ወር አላችሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ለማስተላለፍ ቢያንስ 6 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት፤ ባለቤትሽ ይህን ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ 4 ዓመት ተጨማሪ ለማገልገል ይስማማል። ልጅ መጠቀም የምትጀምረው አባት 10 ዓመት ሲሞላው ነው፤ እሱ ደግሞ በሰኔ ይሞላዋል። ጥቅሙ በጠቅላላ 36 ወር ነው። አንድ የትምህርት ዓመት 9 ወር ያህል ስለሚበላ፣ 36 ወር ማለት የ4 ዓመት ዲግሪ ነው። ሁለት ልጅ ስላላችሁ ሁለት 36 ወር አይሰጣችሁም። አንዱን ነው የምትከፋፈሉት። ልጆቹም 26 ዓመት ሳይሞላቸው መጠቀም አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የ4 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው አሁን ያለው ኮንትራት ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ነው። ዛሬ ቢጠይቅ የቀሩት 8 ወራት ይታሰቡለታል፤ እውነተኛው ጭማሪ 3 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል። እያመነታችሁ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር ግን ጭማሪው በአንድ ወር ይረዝማል። ደግሞ ኮንትራቱ 4ቱን ዓመት የማይሸፍን ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ከማስገባቱ በፊት በክፍሉ ያለውን ካሪየር ካውንስለር አግኝቶ ኮንትራቱን ማራዘም ወይም ማደስ ይኖርበታል።

ይህ ፊርማ ስንት ያወጣል? በእናንተው ሰፈር እናስላው። ልጅቷ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ብትገባ የቨርጂኒያ ነዋሪ ክፍያ በዓመት ወደ 14 ሺህ ዶላር ነው። ጂአይ ቢሉ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የነዋሪውን ክፍያ ሙሉውን ይከፍላል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ላይ በትምህርት ወራት የቤት አበል አለ። አበሉ የሚሰላው በትምህርት ቤቱ ዚፕ ኮድ ሲሆን፣ በሰሜን ቨርጂኒያ በወር ከ2,500 ዶላር በላይ ነው። ይህ ለራሷ ነው የሚገባላት። አባት ገና አክቲቭ ዱቲ፣ ማለትም የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ ቢሆንም ልጅ ይህን አበል ታገኛለች። ሚስት ብትሆን ግን ባል ሥራ ላይ እያለ አታገኝም። ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይጨመራል። ብትደምሪው በዓመት ከ37 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ በ4 ዓመት ወደ 150 ሺህ ይጠጋል። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ለትምህርት ክፍያ ጣሪያ አለው፣ አሁን በዓመት ወደ 30 ሺህ ዶላር የሚጠጋ። ከዚያ በላይ ያለውን የሎው ሪበን በሚባለው ፕሮግራም የታቀፉ ትምህርት ቤቶች ከቪኤ ጋር ተጋግዘው ሊሸፍኑት ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ ትምህርቷን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ከወሰደች የቤት አበሉ በጣም ይቀንሳል። ቢያንስ አንድ ክፍል በአካል ትግባ።

በሌላ በኩል፣ ሰልችቶታል ያልሽውን ቀለል አድርጌ አላየውም። ጉልበቱ የሚያመው ሰው በየጠዋቱ እየሮጠ 3 ዓመት ከ4 ወር መጨመር ቀላል አይደለም። ውሳኔው የእሱ ነው፤ ስለ ልጅ ብለሽ አታስጨንቂው። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው መካከለኛ መንገድ ግን አለ። 4ቱ ዓመት የግድ በአክቲቭ ዱቲ ማለቅ የለበትም። ጥያቄው አሁን ጸድቆለት፣ በሰኔ ከአክቲቭ ዱቲ ሲወጣ አንድ ቀን ሳያቋርጥ ወደ አርሚ ሪዘርቭ ወይም ወደ ናሽናል ጋርድ ቢዛወር ቀሪውን እዚያ መጨረስ ይችላል። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ልምምድ ነው። በቀረው ጊዜ የጭነት መኪናውን ይነዳል። በእርግጥ ሪዘርቭም ጋርድም ለዘመቻ ሊጠራ ይችላል፣ ይህን ሳያውቅ እንዳይፈርም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በየወሩ ልምምድ የሚደረግበት ሪዘርቭ መሆን አለበት። ስም ብቻ መዝገብ ላይ የሚቀመጥበት ዓይነት ሪዘርቭም አለ፣ እሱ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ በሁለቱ መካከል የአንድ ቀንም ክፍተት እንዳይኖር። ሦስተኛ፣ ካሪየር ካውንስለሩ በቃል “ችግር የለም” ቢለው በቃ ብሎ እንዳይወጣ፤ ግዴታው ወደ ሪዘርቭ አብሮት እንደሚሄድ የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። ግዴታውን ሳይጨርስ በራሱ ፈቃድ ቢወጣ፣ ልጅቷ የተጠቀመችበት ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። በጤና ምክንያት ከተሰናበተ ግን ለዚያ የተለየ ድንጋጌ አለ።

ስለ ጉልበቱ ካነሳሁ ልጨምር። ሕመሙ አሁኑኑ በሕክምና መዝገቡ ላይ ይጻፍ። የኛ ሰው “ይሻለኛል” እያለ ኪኒን ውጦ ያልፋል፣ ከወጣ በኋላ ማስረጃ ሲጠየቅ እጁ ባዶ ይሆናል። ወደፊት ቪኤ በአገልግሎቱ ምክንያት 100 በመቶ በቋሚነት አካል ጉዳተኛ ነው ካለ፣ ለልጆች ቻፕተር 35 የሚባል ሌላ ጥቅም ይከፈታል። ለሙሉ ጊዜ ተማሪ በወር ወደ 1,500 ዶላር ነው፣ እስከ 36 ወር። ቨርጂኒያ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ ቋሚ ጉዳት ላለው የቀድሞ ወታደር ልጆች በመንግሥት ኮሌጆች እስከ 8 ሴሚስተር የትምህርት ክፍያ የሚያስቀር ፕሮግራም አላት፤ የነዋሪነት መስፈርቱ መታየት አለበት። በ2024 ስቴቱ ይህን ፕሮግራም ለማጥበብ ሞክሮ ቤተሰቦች ጮኸው በዚያው ዓመት ተሽሯል። ግን በአንድ ጉልበት 90 በመቶ ይሰጠናል ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ። ካገኛችሁት ደስ ይላል፣ ካላገኛችሁት ልጅቷ ሜዳ ላይ መቅረት የለባትም።

ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ግን አለ፤ እኔን በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። ልጅቷ ከደሴ ከመጣች ዓመት ሆኗታል ብለሻል። ዲርስ ውስጥ ተመዝግባለች ወይ? ዲርስ ማለት ሠራዊቱ የወታደሩን ቤተሰብ የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። እዚያ ስሟ ከሌለ ባለቤትሽ የማስተላለፊያውን ገጽ ሲከፍት ስሟ አይመጣለትም። ስሟን በእጁ መጻፍ አይችልም፣ ከዝርዝሩ ላይ ነው የሚመርጠው። የወንድሟ ስም ብቻ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል።

ምዝገባው ላይ የኛ ስም አወጣጥ ችግር ይፈጥራል። አባት በቀለ ታደሰ ቢባል ልጅ ሳራ በቀለ ትባላለች። ለመዝገብ ሠራተኛው የአባት “የቤተሰብ ስም” ታደሰ ነው፣ የልጅቷ በቀለ። አያይዞ ስለማያየው “የማን ልጅ ናት?” ይላል። እዚያ ቆሞ ከመከራከር ይልቅ ወረቀት አቅርቡለት። የወሳኝ ኩነት የልደት ሰርተፊኬት፣ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ ፓስፖርቷ፣ ግሪን ካርዷ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ። የልደት ቀኗን በሁሉም ላይ አስተያዩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ወደ ፈረንጅ ሲቀየር በአንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቀን፣ በሌላው ላይ ሌላ ቀን ሆኖ ስንት ቤተሰብ ወር ሙሉ ሲመላለስ አይቻለሁ። ከእናቷ ጋር በሕግ ካልተጋቡ የአባትነት ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። ለቪዛው የዲኤንኤ ምርመራ አድርጋችሁ ከነበረ ውጤቱን ፈልጉት። ባለቤትሽ ዲዲ 1172-2 የሚባለውን ፎርም ፈርሞ፣ ቤዙ ላይ ባለው የመታወቂያ ቢሮ ቀጠሮ ይዞ ልጅቷን ይዟት ይሂድ። ከዚያ ስትወጣ መታወቂያዋን ይዛ ትወጣለች፤ ያ መታወቂያ ቆይቼ ለምነግርሽ ስኮላርሺፕም ያስፈልጋታል።

እግረ መንገዴን፦ ባለቤትሽ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ይዛ ገና 18 ሳይሞላት በእሱ አሳዳጊነት ሥር አብራው የምትኖር ልጅ በሕግ ዜጋ ሆናለች። ማስረጃውን፣ ማለትም ፓስፖርቷን አውጡላት። ለማንኛውም ትምህርት ነክ ነገር መንገዱን ያቀልላታል።

ዲርሱ ካለቀ በኋላ ባለቤትሽ ሚልኮኔክት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ማስተላለፊያውን ይሞላል። እዚህ ላይ የምለውን ከሁሉም በላይ ያዙልኝ። ለሁለቱም ልጆች፣ ለ9 ዓመቱም ልጅ ጭምር፣ ቢያንስ አንድ አንድ ወር ይስጥ። አገልግሎት ላይ እያለ ቢያንስ አንድ ወር የተሰጠው ልጅ፣ አባት ከወጣ በኋላ ወሩ ሊጨመርለትም ሊቀነስበትም ይችላል። ዜሮ የተተወ ልጅ ግን ለዘላለም ዜሮ ነው። በኋላ አዲስ ስም ማስገባት አይቻልም። አንቺም መማር የምታስቢ ከሆነ ለአንቺም አንድ ወር ያድርግልሽ። ጥያቄው “ጸድቋል” የሚለውን እስኪያሳይ ድረስ እየገባ ይይ፤ ሲጸድቅ ደብዳቤውን አትማችሁ አስቀምጡ።

መጽደቁ ግን ልጅቷን በራሱ ተጠቃሚ አያደርጋትም፤ ይህም ብዙ ሰው የሚያቆምበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ልጅቷ ራሷ በቪኤ ድረ ገጽ ላይ 22-1990ኢ የሚባለውን ፎርም ትሞላለች። የብቁነት ሰርተፊኬት ይላክላታል። ያንን ይዛ ኮሌጁ ውስጥ የቪኤ ጉዳይ ለሚይዘው ሠራተኛ ትሰጣለች። ትምህርት ከጀመረች በኋላ በየወሩ “አሁንም ተመዝግበሻል?” የሚል የጽሑፍ መልእክት ይመጣላታል፣ መመለስ አለባት። ሁለት ወር ዝም ካለች የቤት አበሉ ይቆማል። ከሴሚስተሩ መሐል ኮርስ ጥላ ከወጣችም የተከፈለው ገንዘብ ሊመለስ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ከአሁኑ ንገሯት፤ 18 ዓመቷ ሲሞላ ደብዳቤው በእሷ ስም ነው የሚመጣው።

ወሮቹን እንዴት ታወጧቸው? የጂአይ ቢል ወር ትምህርት ቤቱ ርካሽ ሆነ ውድ እኩል ይቆጠራል። ኖቫ፣ ማለትም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የምትማርበት ወርም ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ የምትማርበት ወርም አንድ ወር ነው። ኖቫ ደግሞ ዋጋው የጆርጅ ሜሰን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቤቷ እየኖረች ኖቫ ትማር፣ ክፍያውን በፔል ግራንት (መንግሥት አቅም ለሚያንሰው ተማሪ የሚሰጠው፣ የማይመለስ ገንዘብ) እና በስኮላርሺፕ ሸፍኑት። ከዚያ ወደ ሜሰን ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በጂአይ ቢል ትጨርስ። 18 ወር ትጠቀማለች፣ 18 ወር ለወንድሟ ይተርፋል። ያለፈው ዓመት ገና ከደሴ የመጣች ልጅ ስለሆነች ኖቫ ውስጥ እንግሊዝኛዋን የምታጠናክርበት ጊዜም ታገኛለች፤ ውድ ወሮቿን በቋንቋ ትምህርት አትጨርስም። ጉዳቱን አልደብቅም፣ በሁለቱ የኖቫ ዓመታት የቤት አበሉን አታገኝም። ቤት ውስጥ አልጋና ምግብ ካላት ይህ ይቻላል። ቤቱ ከጠበባችሁ ወይም ወንድሟ በሌላ መንገድ ይማራል ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ትጠቀምበት። ስህተት አይሆንም።

ባለቤትሽ ራሱ መማር ከፈለገ አገልግሎት ላይ እያለ ጂአይ ቢሉን አይንካ። ቱዊሽን አሲስታንስ የሚባል የተለየ ገንዘብ አለ፤ በክሬዲት እስከ 250 ዶላር ይከፍላል፣ ከልጆቹ ወር ላይ አይቀንስም። ለሲዲኤል (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ማሰልጠኛ ጥቂት ወር ሊያስቀር ካሰበም ከአሁኑ አስልታችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ስኮላርሺፖቹ። ከጂአይ ቢሉ ጋር ሲተያዩ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ለኖቫ በቂ ናቸው። የመጀመሪያው ስኮላርሺፕስ ፎር ሚሊተሪ ችልድረን ይባላል፤ የሚያስተዳድረው ፊሸር ሃውስ ፋውንዴሽን ነው። ሽልማቱ 2,000 ዶላር ነው፣ የሚሰጠውም በየኮሚሳሪው፣ ማለትም በየጦር ሰፈሩ ባለው የምግብ መደብር በኩል ነው። ፎርት ቤልቮር ያለው ኮሚሳሪ የእናንተ ነው። ከ23 ዓመት በታች ያላገባች፣ የወታደር ቤተሰብ መታወቂያ ያላት፣ አማካይ ውጤቷ 3.0 እና በላይ የሆነ ልጅ ታመለክታለች። አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር ላይ ይከፈታል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ ለወታደር ልጆች የሚሰጠው ነው፤ እሱ የቤተሰቡን የገንዘብ አቅም ያያል፣ ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንን ይጠይቃል።

እነዚህ በሮች የሚከፈቱት አባቱ በአገልግሎት ላይ ላለ፣ ጡረታ ለወጣ ወይም አባቱ ለሞተበት ልጅ ነው። 10 ዓመት አገልግሎ ያለ ጡረታ የተሰናበተ ሰው ልጅ አብዛኛዎቹ ላይ ብቁ አትሆንም። ስለዚህ ባለቤትሽ የፈለገውን ቢወስን ልጅቷ ዘንድሮ ታመልክት።

ጽሑፉን ማንም እንዳይጽፍላት፣ ባለ 450 ዶላሩም ሆነ እናንተ። አንባቢዎቹ “ወታደር አባቴ ጀግናዬ ነው” የሚል ጽሑፍ በሺህ ያያሉ። እሷ ደሴ ሆና የአባቷን ድምፅ በስልክ ብቻ እየሰማች ያደገችበትን፣ ከሥራ ሲወጣ እዚያ እኩለ ሌሊት ስለሚሆን ለመጠበቅ የታገለችውን እንቅልፍ፣ እዚህ ስትመጣ ዩኒፎርም ለብሶ ኤርፖርት ቆሞ መጀመሪያ ያላወቀችው ከሆነ እሱን ትጻፍ። እኔ እየገመትኩ ነው፤ የራሷን እሷ ታውቃለች። እንግሊዝኛው ፍጹም ባይሆንም እውነቱ ይታያል። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ሰዋስውን ያይላታል።

ስኮላርሺፕ ስታገኝ “ለትምህርት ክፍያ ብቻ” ተብሎ የተገደበ መሆኑን አጣሩ። እንዲያ ከሆነ ጂአይ ቢል በምትጠቀምበት ጊዜ ቪኤ የሚከፍለው ያንን ቀንሶ ነው፤ ገንዘቡ ለእናንተ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ሰጪው ለመጽሐፍና ለኑሮ ወጪም እንዲሆን ከፈቀደ ግን ይተርፋችኋል። በኖቫው ዓመታት ይህ ችግር የለም።

ፋፍሳን ዘንድሮ ሙሉ። “ጂአይ ቢል ስላለን ፔል አይሰጡንም” የሚሉ አሉ፣ ትክክል አይደለም። ጂአይ ቢል ፔልን አይቀንስም። ሠራዊቱ የሚከፍለው የቤት አበል ግብር ስለማይከፈልበት በፋፍሳው ገቢ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ከምትገምቱት የተሻለ ልታገኙ ትችላላችሁ። የፔል ጣሪያ በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ግማሹ እንኳን ቢደርሳት የኖቫን ክፍያ አብዛኛውን ይሸፍናል። ባለቤትሽ በአክቲቭ ዱቲ ቀጥሎ ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወርም አትደንግጡ። ተመዝግባ ሳታቋርጥ እስከተማረች ድረስ የነዋሪ ክፍያዋ አይነሳባትም።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ቃል። አባት ወይም እናት ከመስከረም 11፣ 2001 በፈረንጆች ወዲህ በአገልግሎት ላይ ያረፉባችሁ ልጆች፣ እናንተ የማስተላለፍ ፊርማ አያስፈልጋችሁም። ፍራይ ስኮላርሺፕ በቀጥታ የእናንተ ነው፣ እሱም 36 ወር። ስሙን ያገኘው በ2006 ኢራቅ ውስጥ ከሞተው የማሪን ባልደረባ ከጆን ዴቪድ ፍራይ ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ ሄዝልዉድ የሚባለውን ጠይቁ፤ ከዚያ ስቴት ተቀጥሮ የሄደ ወታደር እስከ 150 ክሬዲት ያለክፍያ የመማር መብቱን ለልጁ ማስተላለፍ ይችላል።

የኔ ምክር ለእናንተ ይህ ነው። ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አይውጣ። ጥያቄውን በዚህ ወር አስገብቶ፣ ጉልበቱ ካልቻለ በሰኔ ወደ ሪዘርቭ ወይም ወደ ጋርድ ይሻገር። የጭነት መኪናው አያመልጠውም። በዚህ ሳምንት የመታወቂያ ቢሮውን ቀጠሮ ያዙ፣ የደሴውን የልደት ሰርተፊኬት አውጥታችሁ ተርጉሙ። እሱ ሰኞ ካሪየር ካውንስለሩ ጋ ሲገባ “ጂአይ ቢሌን ለልጆቼ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ፤ 4ቱን ዓመት ለመሸፈን ምን መፈረም አለብኝ፣ ወደ ሪዘርቭ ብዛወርስ?” ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ዲርሱ ላይ የስም ወይም የቀን ችግር ከገጠማችሁ የመለሷችሁበትን ምክንያት ጻፊልኝ፣ የትኛው ወረቀት እንደጎደለ እነግርሻለሁ።